ስምንት ስም መደርደር ቡድን አያደርግም፦ የጤና ሥርዓት ምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከሰሜን ሸዋ የሚወጣ ፕሮፖዛል ሲወድቅ ወቀሳው የሚወርደው እንግሊዝኛው ላይ ነው። አራሚ ይፈለጋል፣ ገጹ ይዋባል፣ ያው ጽሑፍ ለሌላ ጥሪ ይላካል፣ ዳግመኛም ይወድቃል። ቋንቋው ብዙ ጊዜ ደህና ነበር። የወደቀው ገና ከርዕሱ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍን ለጥጦ ማቅረብ

«የእገሌ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ ሰሜን ሸዋ ዞን።» ይህ ርዕስ ለአንድ የማስተርስ ተማሪና ለአንድ መጠይቅ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ሦስት ወረዳ፣ ሰባት ስምና ሁለት ዓመት ቢቀጠልበት ልብሱ ይረዝማል እንጂ የቡድን ምርምር አይሆንም። የቡድን ገንዘብ የሚሰጠው አንድ ሙያ ብቻውን ሊመልሰው ለማይችል ጥያቄ ነው።

ኦክሲቶሲንን እንውሰድ። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚሰጠው ይህ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ የመንዙ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ብርድ አገር። አንድ ዞን፣ አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ዓይነት ጣጣ። የለመድነው ፕሮፖዛል «የማስቀመጫውን ሙቀት የሚያውቁ አዋላጆች ስንት በመቶ ናቸው» ብሎ ይጠይቃል። ቢያውቁስ? መብራት ሲጠፋ አዋላጇ ያላት እውቀት መድኃኒቱን አያቀዘቅዘውም። የሥርዓት ጥያቄ እንዲህ ይሄዳል፦ ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ በሚልከው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ) ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው? ከተጠየቀው ምን ያህሉ ይመጣል? ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ወጪውስ ከየትኛው የበጀት ርዕስ ይከፈላል? ጤና ጣቢያው ከራሱ የውስጥ ገቢ መጠገን እየቻለ የማያደርገው ለምንድን ነው?

አሁን ቡድኑ ከጥያቄው ውስጥ ይወጣል። ፋርማሲስት ያስፈልጋል፣ የባዮሜዲካል ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ወጪውን የሚያሰላ የጤና ኢኮኖሚስት፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ፣ ቅጹን በየሁለት ወሩ የሚያየው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ያስፈልጋሉ። ይህን የመጨረሻውን ሰው «ባለድርሻ አካል» ብሎ አባሪ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ተባባሪ ተመራማሪ አድርጉት፤ ሥራና በጀት ስጡት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከስም ዝርዝሩ አንዱን ሰርዙና ፕሮፖዛሉን እንደገና አንብቡት። ምንም ካልጎደለ ሰውዬው የገባው ለጌጥ ነው፤ ገምጋሚውም ያንኑ ያያል።

ጊዜ የሌለውን ሰው መጻፍ

ስምንት ተመራማሪዎች እያንዳንዳቸው 5% ጊዜያቸውን ይሰጣሉ ተብሎ ይጻፋል። ተደምሮ 40% ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ሥራ ግማሽ ሰው እንኳ አልሞላም። ለሙሉ ጊዜ አስተባባሪ ደመወዝ ያዙ፤ ዋና ተመራማሪው ከማስተማር ጫናው የትኛው ኮርስ እንደሚነሳለት ከትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ ያምጣ። «ከሥራ ሰዓት ውጭ እሠራለሁ» የሚለውን ማንም አያምነውም።

የ423 በሽታ

ይህችን ቁጥር የማያውቃት የለም። ስርጭት 50%፣ እርግጠኝነት 95%፣ የስህተት ወሰን 5% ሲሆን 384 ይመጣል፤ ለማይመልሱ 10% ሲጨመርበት 423። ስለ ወባም፣ ስለ ጤና መድንም፣ ስለ ክትባት መዝገብ ጥራትም ሲጠየቅ መልሱ 423 ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም። የሚመልሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከሕዝቡ በቀላል ዕጣ ሰው ብናወጣ ይህ ነገር ያለባቸው ስንት በመቶ ናቸው? እናንተ ደግሞ የምትጠይቁት ስለ ጤና ጣቢያዎች ነው፣ ወይም በፊትና በኋላ ስላለው ለውጥ።

ስሌቱን በእጃችሁ ሞክሩት። በአንድ ጤና ጣቢያ የሚገለገሉ ሴቶች መልሳቸው ይመሳሰላል፤ አዋላጇ አንድ ናት፣ መንገዱ አንድ ነው፣ ወረፋውም አንድ ነው። የመመሳሰላቸው መጠን 0.05 ነው እንበል። የዲዛይን ኢፌክት (መመሳሰሉ የናሙናውን ክብደት ስንት እጥፍ እንደሚያሳንሰው የሚያሳየው ቁጥር) ማለት ከአንድ ጣቢያ ከተወሰዱት ሰዎች ቁጥር አንድ ቀንሶ፣ በ0.05 አባዝቶ፣ 1 መጨመር ነው። ከ5 ጤና ጣቢያዎች 85፣ 85 ሴቶችን ብትወስዱ ድምሩ 425 ነው፤ የዲዛይን ኢፌክቱ ግን 5.2 ስለሚሆን በዕጣ የተመረጡ 82 ሴቶችን ያህል ብቻ ይመዝናል። ከ21 ጤና ጣቢያዎች 20፣ 20 ብትወስዱ ድምሩ 420 ሆኖ የዲዛይን ኢፌክቱ ወደ 1.95 ይወርዳል፤ ክብደቱም 215 ይደርሳል። የሰው ብዛት ያው ሆኖ መረጃው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ ነዳጅና አበል ነው፤ ገንዘብ የምትጠይቁትም ለዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው አንድ ወረዳ ላይ ሥራ ሠርቶ ከሌላ አንድ ወረዳ ጋር ማነጻጸር ነው። አንኮበር ላይ ስልጠና ሰጥታችሁ ቀወትን ለማነጻጸሪያ ብትይዙ፣ የምታዩት ልዩነት ከስልጠናው ይምጣ ከደጋና ከቆላው፣ ከወባው ወይስ ከዋናው መንገድ ማንም ሊለየው አይችልም። በእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ወረዳ ብቻ ካለ፣ ውስጣቸው ሺህ ሰው ቢጠየቅ እንኳ ናሙናው ሁለት ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል፣ ወይም ሥራውን በተራ በተራ ማዳረስ ይሻላል።

የመስከረምን ሪፖርት እንደ ሌላው ወር መቁጠር

መደበኛውን የጤና መረጃ ጤና ተቋማት በየወሩ ሪፖርት ከሚያስገቡበት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ከዲኤችአይኤስ 2፣ እንወስዳለን ብላችሁ ስትጽፉ፣ የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 እንደሚሄድ የምታውቁ መሆናችሁ ይታይ። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ጀምሮ ጳጉሜን ስለሚጨምር 35 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 36። ወላዱ በየመስከረሙ የሚበዛው አንዱ ለዚህ ነው። ለየወሩ ድምር ሳይሆን ለቀን አማካይ አስሉት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ቡድን መረጃውን ከዚህ በፊት ነክቶት እንደሚያውቅ ገምጋሚው ወዲያው ይገባዋል።

ዓመተ ምሕረቱንም ለዩ። 2016 በእኛና 2016 በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ፤ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው የሚገኙበት ፕሮፖዛል ጥቂት አይደለም።

ክልሉን አለመጻፍ

ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው፤ አንዱ አማራ ክልል፣ አንዱ ኦሮሚያ። ደብረ ብርሃንና ፍቼ የተለያየ ክልላዊ ጤና ቢሮ አላቸው። አንድ ቃል ጨምሩ።

የቤተሰብ ማህደርን የተሟላ ዝርዝር አድርጎ መውሰድ

ቤት ለቤት ናሙና የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጤና ኬላ ካለው የቤተሰብ ማህደር፣ ማለትም በየቤቱ ስም ከተከፈተው የጤና መዝገብ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያሉ ወይም ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች እዚያ የሉበትም። አገልግሎቱ ይደርሳቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በዋናነት የሚመለከተው እነሱን ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ መሆኑንም አትርሱ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። የቁጥሩን ምንጭ ጻፉ፤ በመጀመሪያው የመስክ ሳምንት በተመረጡት ቀበሌዎች ቤት ለመቁጠር በጀት ያዙ።

አንድ ዓይነት የድጋፍ ደብዳቤ

ሦስት መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ማኅተም፣ «ለምርምሩ ሙሉ ድጋፋችንን እንገልጻለን» የሚል አንድ ዓይነት አንቀጽ። ይህ ደብዳቤ ከሌለው አይሻልም። የሚጠቅመው ደብዳቤ የትኛውን መዝገብ እንደሚከፍቱላችሁ፣ በየትኛው የሥራ መደብ ያለ ሰው እንደሚመድቡ፣ ውጤቱን በየትኛው የዕቅድ ጊዜ እንደሚጠቀሙበት ይናገራል። ሰውየውን በስሙ ሳይሆን በመደቡ አስጽፉ፤ ኃላፊ ይቀያየራል። የወረዳው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ውጤታችሁ ነሐሴ ላይ ከደረሰ ዕቅዱ አልፎታል፤ መጋቢት ላይ እንዲደርስ አስቡ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱንም «አንድ ወር» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ (አይአርቢ) በኋላ ክልሉ፣ ዞኑና ወረዳው አሉ፤ ደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደርን ደግሞ ለብቻ ጠይቁ። ሁሉም ተራ አለው። በጊዜ ሰሌዳው ላይ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይቀመጥ፤ ያለ ፈቃድ የሚሠሩት ሥራዎች፣ ማለትም ቅጥር፣ የመጠይቅ ትርጉምና የሶፍትዌር ሙከራ፣ ከጎኑ ይሂዱ።

መስኩን በክረምት ማስቀመጥ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ መረጃ መሰብሰብ በብራስልስ የገንዘብ ሰጪ ቢሮ ሆኖ ሲታይ ችግር አይደለም። የጀማን ሸለቆ ለሚሻገር መኪና ግን ችግር ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት አስቀምጡት። የወረፋ ጊዜ የምትለኩ ከሆነ የገበያ ቀንና ተራ ቀን በእኩል ይግቡ፤ ጤና ጣቢያ በገበያ ቀን ሌላ ቤት ነው። ገበሬውን ቤቱ ለማግኘት ደግሞ እርሻ የማይታረስበት የበዓል ቀን ይሻላል፤ ያን ቀን ለመረጃ ሰብሳቢዎች እረፍት ብሎ መጻፍ አገሩን አለማወቅ ነው።

በጸጥታ ምክንያት መንገድ ቢዘጋስ? ዝም ብሎ ማለፍ ድፍረት አይደለም፤ ገምጋሚው ዜና ያነባል። ተተኪ ቀበሌዎች በምን ደንብ እንደሚመረጡ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ መረጃ ሰብሳቢውን ከዚያው ወረዳ ቅጠሩ፣ ቅጹ ያለ ኢንተርኔት ታብሌት ላይ የሚሠራ ይሁን። ከነሐሴ 2015 ወዲህ አማራ ክልል ላይ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ይህ ቅንጦት አይደለም።

በጀትን ከላይ ወደታች መጻፍ

ጣሪያው ተይዞ ወደ ታች የሚከፋፈል በጀት ከሩቁ ይታወቃል፤ ሁሉም ቁጥር ዜሮ ይጨርሳል። ከታች ጀምሩ፦ ስንት ጤና ጣቢያ፣ በጣቢያ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰው፣ አበሉ በማን ደንብ፣ ስንት ኪሎ ሜትር። ግዢ ላይ 15% ተጨማሪ እሴት ታክስ ይግባ። እያንዳንዱን መስመር በብር ጻፉ፣ የመነዘራችሁበትን ተመንና ቀን አስቀምጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ውሉ በብር የታሰረ ቡድን ታብሌትና ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) የሚገዛበት አቅም በዚያው ልክ ቀለጠ። ውሉ በምን ገንዘብ እንደሚታሰር ከመፈረም በፊት ጠይቁ። ለተቋሙ የሚያዘውን ተዘዋዋሪ ወጪም አትተዉ፤ በአውሮፓ ኅብረቱ የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም በሆራይዘን ከቀጥታ ወጪው 25% ነው፣ ለመብራቱና ለሒሳብ ሠራተኛው ነው።

የውጭ አጋር ካለ ገንዘቡ የት እንደሚያርፍ ደምሩ። ሥራው ሰሜን ሸዋ፣ ደመወዙ ሌላ አህጉር ከሆነ ገምጋሚው ሳይሆን እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ።

ምዝገባን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ለሚጠይቅ የውጭ ተቋም መጀመሪያ ኤንኬጅ የሚባለው የተቋም መለያ ኮድ፣ ቀጥሎ ሳም በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ምዝገባና መለያ ቁጥር ያስፈልጉታል፤ ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ የተቋሙ ስም ነው። «ብርሃን» በላቲን ፊደል አንዴ በ«ኢ»፣ አንዴ በ«አይ» ይጻፋል፤ አንዱ ምዝገባ ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ከሆነ ማረጋገጫው ይመለሳል። ተቋማችሁ የሚጠቀምበትን አንድ አጻጻፍ ከሕጋዊ ሰነዱ ወስዳችሁ ባንኩም፣ ደብዳቤውም፣ ምዝገባውም ላይ እሱኑ ብቻ ጻፉ።

ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሆራይዘን ጥሪዎች የሚዘጉት በብራስልስ 17፡00 ነው፤ ያ በእነሱ በጋ ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ፖርታሉ እስኪዘጋ ድረስ የገባውን በአዲስ መተካት ስለሚፈቅድ፣ ከሦስት ቀን በፊት ያልተወለወለውን አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም የገባ ፕሮፖዛል አላችሁ።