የአመክንዮ አጻጻፎችን በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማነጻጸር

የቆዩ የአመክንዮ አጻጻፎችን (አመክንዮን በምልክት የመጻፊያ ዘዴዎችን) ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የምልክት ሠንጠረዥ ከሚሸመድድ ይልቅ፣ ሁለት ተቀራራቢ ዓረፍተ ነገሮችን መርጦ በየአጻጻፉ ቢጽፋቸው ይሻለዋል። እኔ የምመርጠው «ሀ ከሆነ፣ ለ ሲሆን መ ይሆናል» እና «ሀ ሲሆን ለ የሚሆን ከሆነ፣ መ ይሆናል» የሚሉትን ነው። (ሀ፣ ለ እና መ የማናቸውም ዓረፍተ ነገሮች ምትክ ናቸው፤ ሐን የተውሁት ሲነበብ ከሀ ስለማይለይ ነው።) ዛሬ ሁለቱን የምንለያቸው በቅንፍ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ የሚቀርበው ጥያቄ የቅንፉን ሥራ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

በጀርመናዊው የአመክንዮ ሊቅ በጎትሎብ ፍሬገ የ1879 አጻጻፍ ይጀምሩ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍሬገ ውጤቱን ከላይ፣ ሁኔታውን ከሥር አድርጎ በመስመር ያያይዛቸዋል፤ አማርኛ ሁኔታውን ስለሚያስቀድም ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይቀለናል። ሁለቱንም ሲስሉ ፊደላቱ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ መ ከላይ፣ ለ ከመካከል፣ ሀ ከታች ይደረደራሉ። ልዩነቱ የሀ መስመር የሚወርድበት ቦታ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ወደ መ ከሚሄደው ዋና መስመር፣ በሁለተኛው ወደ ለ ከሚሄደው ቅርንጫፍ ይወርዳል። ስለዚህ ፊደላቱን ሳይሆን መጋጠሚያውን ይመልከቱ።

እንግሊዛውያኑ ፈላስፎች ዋይትሄድና ራስል ከ1910 እስከ 1913 ባሳተሙት ሥራ፣ ከጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ከፔያኖ በወረሱት ነጥብ ሁለቱን ይለያሉ (⊃ «ከሆነ» ማለት ነው)፦ «ሀ . ⊃ . ለ ⊃ መ» እና «ሀ ⊃ ለ . ⊃ . መ»። ነጥቡ ያለበት ምልክት ከሌለው ይልቅ ሰፊውን ክፍል ይገዛል።

ፖላንዳዊው የአመክንዮ ሊቅ ያን ዉካሼቪች በ1924 ያገኘው አጻጻፍ ግን ቅንፍም ነጥብም አይሻም። የ«ከሆነ» ምልክት የሆነውን የላቲን ፊደል፣ እዚህ «ሲ» የምንለውን፣ ያስቀድማል፦ «ሲ ሀ ሲ ለ መ» እና «ሲ ሲ ሀ ለ መ»። ትክክለኛነቱን ለመፈተን ከ1 ይነሡ፤ ለእያንዳንዱ «ሲ» 1 ይደምሩ፣ ለሌላው ፊደል 1 ይቀንሱ። 0 የሚደርሰው በመጨረሻው ፊደል ላይ ብቻ ከሆነ አጻጻፉ ልክ ነው።

በመጨረሻ አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ ከ1896 ጀምሮ ያዳበረውን ሥዕል በወረቀት ይሞክሩ። ቀለበት ማለት «አይደለም»፣ ጎን ለጎን መቀመጥ ማለት «እና» ነው፤ ስለዚህ «ሀ ከሆነ ለ» የሚጻፈው «ሀ ሆኖ ለ አለመሆን የለም» ተብሎ ነው። ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በአንድ ትልቅ ቀለበት ውስጥ ሁለት ቀለበቶች ይሳሉ፤ አንደኛው መን፣ ሌላው ሀንና በራሱ ቀለበት የታጠረውን ለን ይይዛል። በመጀመሪያው ግን ተደራራቢው ድርብ ቀለበት (ሁለት «አይደለም» ስለሚሰራረዙ) ሲፋቅ ሀና ለ በትልቁ ቀለበት ውስጥ እኩል ይቀመጣሉ፣ መ ብቻ በውስጠኛው ይቀራል። እዚህ ጋ ቆም ብለው ከፍሬገ ሥዕል ጋር ያስተያዩት፤ ፍሬገ የሁለቱን ሁኔታዎች ቦታ መለዋወጥ ከመነሻ ሕጎቹ አንዱ ሲያደርገው፣ በፐርስ ወረቀት ላይ ግን ሀና ለ መጀመሪያውኑ ፊትና ኋላ የላቸውም።