ቤት ልታዩ ስትሄዱ መጀመሪያ የውሃ ምልክት ፈልጉ

በሰው አገር የመጀመሪያ ቤቱን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ኩሽናው፣ አዲሱ ቀለምና የሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ነው። እነዚህን ግን ገብታችሁም ቀስ እያላችሁ ትቀይሯቸዋላችሁ። ኪስ የሚያራቁተው ጣሪያው፣ መሠረቱ፣ ቧንቧውና ማሞቂያው ነው። የብዙው ብልሽት መነሻ ደግሞ ውሃ ነው።

በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት ቤቱን አንዴ ዙሩት። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ወደ ቤቱ ካዘነበለ የዘነበው ሁሉ መሠረቱ ሥር ይጠራቀማል። አሸንዳው በቅጠል ታፍኖ እንደሆነ፣ መውረጃ ቱቦውም ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ይደፋ እንደሆነ እዩ። የጣሪያውን ዕድሜ ጠይቁ። የአስፋልት ሺንግል (እንደ ቅርፊት ተደራርቦ የሚቸነከር የጣሪያ ክዳን) ከሆነና 20 ዓመት ካለፈው፣ የመቀየሪያውን ወጪ ከአሁኑ አስቡበት።

ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ክፍል) ካለው ከሳሎኑ በፊት እሱን እዩ። የቤቱ እውነት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። አፍንጫችሁን እመኑ፤ የታፈነ የእርጥበት ሽታ በቀላሉ አይደበቅም። ሽቶና ሻማ ከበዛም ለምን እንደሆነ ጠርጥሩ። ግድግዳው ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ በግንቡ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲደርቅ የተወው ጨው ነው። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ምክንያቱን ጠይቁ።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። እንደ ፀጉር የቀጠነና ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የመጣ ነው። አግድም የሄደ፣ በጡቡ መካከል እንደ ደረጃ እየተሰበረ የወጣ፣ ወይም ሰፋ ያለ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳያየው ወደፊት አትሂዱ። በሮች አልገጥም ካሉና ወለሉ ወደ አንድ ጎን ከወረደ ደግሞ ጥርጣሬያችሁ ይጠንክር።

ውስጥ ስትገቡ አትፈሩ፣ ንኩ፣ ክፈቱ። የእንግድነት ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ሻወሩንና የኩሽናውን ቧንቧ አንድ ላይ ከፍታችሁ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁት። ግፊቱ በጣም ከቀነሰ ወይም ውሃው ቶሎ ካልወረደ መዝግቡት። ከሲንክ ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፍታችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። ከመታጠቢያ ቤቱ ሥር ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ከላይ ፈስሶ ያውቃል ማለት ነው። በድርብ መስታወት መካከል ጉም ከታየ የመስታወቶቹ ማሸጊያ ለቆ እርጥበት መሃላቸው መግባት ጀምሯል።

የውሃ ማሞቂያው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ፤ የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። በርሜል ያለው ማሞቂያ 10 ዓመት ገደማ ከሞላው ወደ መጨረሻው ነው። የመብራት ሳጥኑን አስከፍቱ፣ ግን ራሳችሁ አትነካኩት። አሮጌ ፊውዝ ያለው ቤት ኢንሹራንስ ሲጠየቅም ሊያስቸግር ይችላል።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላም ባለሙያ የቤት መርማሪ (ኢንስፔክተር) ቅጠሩ። እናንተ የመረጣችሁት ይሁን፤ ኮሚሽን የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ የሆነ ሰው የጠቆማችሁን ብቻ አትውሰዱ። ሲመረምርም አብራችሁት ዋሉ። ቋንቋው የሚከብዳችሁ ከሆነ የሚረዳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቤቱ የቆየ ከሆነ የፍሳሽ መስመሩ በካሜራ ይታይ። መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ በዛፍ ሥሮች ከተዘጋ ማስቆፈሩ ቀላል ወጪ አይደለም። የሬደን ምርመራም ጠይቁ። ሬደን ከመሬት የሚወጣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ ለዓመታት ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን የሚያስወጣ ቱቦና ማራገቢያ ይተከላል፣ ስለዚህ ቤቱን ለመተው ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም።

«ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው፣ ምርመራውን ተዉት» ሲሏችሁ ልባችሁ እንደሚቸኩል አውቃለሁ። ከስንት ፍለጋ በኋላ የተገኘ ቤት ሲያመልጥ ያማል። ያም ሆኖ ብዙ ዓመት የሚከፈል ዕዳ ውስጥ እየገባችሁ ነውና አትተዉት። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት፣ ምርመራው ከባድ ችግር ካወጣ ቀብዳችሁን ይዛችሁ መውጣት የሚያስችል አንቀጽ እንዳለበት ጠበቃችሁ ያረጋግጥላችሁ። ሻጩ «እጠግነዋለሁ» ያለውንም ሁሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።