ክሮኖግራፉ ሲዘባርቅ፦ ጥፋቱ የጥይቱ ነው ወይስ የቆጣሪው?

በእጃችሁ የሞላችሁትን የሽጉጥ ጥይት ፍጥነት በክሮኖግራፍ፣ ማለትም በጥይት ፍጥነት መለኪያ፣ ልትለኩ ወጣችሁ። የመጀመሪያው 312 ሜትር በሰከንድ አለ። ሁለተኛው 309። ሦስተኛው 371። አራተኛው ጭራሽ አልተመዘገበም። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ሚዛኑን ወይም ባሩዱን መርገም ይጀምራል። እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት የባሩድ መስፈሪያዬን ስፈታና ስገጥም ውዬ አውቃለሁ። ጥፋቱ የደከመ ባትሪ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። ከዚያ ከአንድ ፓኮ የፋብሪካ ጥይት አሥር ተኩሱና ቁጥሩን መዝግቡ። ያንን ፓኮ ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት። በወጣችሁ ቁጥር ከእሱ ጀምሩ። የፋብሪካውም ጥይት ከዘባረቀ፣ የእናንተ ጥይት ለጊዜው ነፃ ነው።

ቁጥሩ በድንገት ይዘላል ወይም ይወርዳል

የተለመደው ክሮኖግራፍ ሁለት የብርሃን ዓይኖች አሉት። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ያለው ርቀት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አረሩ በመጀመሪያው ዓይን ላይ ሲያልፍ ጥላው ሰዓቱን ያስነሳል፣ በሁለተኛው ላይ ሲያልፍ ያቆመዋል። በሰከንድ 300 ሜትር የሚበር አረር ይህችን መንገድ የሚጨርሰው በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ላይ አንድ በመቶ ብትሳሳቱ 3 ሜትር በሰከንድ ይዛባል።

ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝና ያልተቃጠለ ባሩድ ዓይኑን ሊያታልል ይችላል። ጋዙ የመጀመሪያውን ዓይን ቀድሞ ካስነሳ ፍጥነቱ ያነሰ ይመስላል። ሁለተኛውን ቀድሞ ካቆመ የበዛ ይመስላል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ክሮኖግራፉን ከአፈሙዙ ከ3 እስከ 5 ሜትር አርቁት። በዚህ ርቀት አረሩ የሚያጣው ፍጥነት ትንሽ ነው፤ ርቀቱን ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጉት።

አንዳንዱ ጥይት አይመዘገብም

እዚህ ላይ ብርሃኑን ጠርጥሩ። ዓይኑ የሚያየው ጥላ ነው። ጠራራ ፀሐይ በሚያብረቀርቅ አረር ላይ ስታርፍ ጥላው ይጠፋል። ከላይ የሚደረገውን ነጭ መከለያ ግጠሙ፤ ወይም አረሩን በጥቁር ማርከር ቀቡት። ደመናማ ቀን ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ፍሎረሰንት መብራት ጠላት ነው። ለእኛ ዓይን አይታወቅም እንጂ በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል።

አረሩ የሚያልፍበትን ከፍታም ተመልከቱ። ከኋላ ኢላማ አቁሙና ሁሉንም ጥይት ወደ አንድ ነጥብ ተኩሱ።

ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ናቸው፣ ግን ከወትሮው ዝቅ ብለዋል

ክሮኖግራፉ ጠሞ ቆሞ ይሆናል። አረሩ በሰያፍ ሲያልፍ መንገዱ ይረዝማል፣ ቆጣሪው ግን ያንኑ 30 ሴንቲሜትር ያስባል። 10 ዲግሪ ቢያዘነብል 300 የነበረው 295 ተብሎ ይነበባል። የሚታጠፍ ከሆነም እስከ መጨረሻው መዘርጋቱን አረጋግጡ፤ ይህኛው ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

የፋብሪካው ደህና ነው፣ የእኔ ግን ተበታተነ

አሁን ክሱ ወደ ጥይታችሁ ዞረ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የባሩዱን አቀማመጥ ነው። በብዙ የሽጉጥ ጥይት ውስጥ ባሩዱ ቀለሁን (ባሩዱን የሚይዘውን የብረት ቀፎ) አይሞላውም፤ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ባሩዱ ወደ ፕራይመሩ (ከቀለሁ ቂጥ ላይ ወዳለው እሳት ጫሪ) ሲጠጋ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፣ ወደ አረሩ ሲሸሽ ይቀንሳል። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ አምስት ጥይት፣ ከመተኮሳችሁ በፊት በየተራ አፈሙዙን በተፈቀደው አቅጣጫ ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንስታችሁ ወደ ኢላማው መልሱት። ሌላ አምስት ደግሞ ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ። የሁለቱ አማካይ ከተራራቀ ጥፋተኛው ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሁሌም አንዱን መንገድ ያዙ፣ ወይም ቀለሁን የበለጠ የሚሞላ ባሩድ ከጥይት አሞላል መመሪያው ምረጡ።

ይህ ካልሆነ አረሩ በቀለሁ አንገት ምን ያህል እንደተያዘ እዩ። አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ባሩዱ እኩል አይነድም። የላላው ሲጎርስ ወደ ውስጥ ሊሰምጥም ይችላል። ይሄ ፍጥነትን ብቻ አያዛባም፤ ግፊትን አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ሊያደርስ ይችላል። ጥይቱን ካጎረሳችሁ በኋላ ሳትተኩሱ አውጡትና ርዝመቱን በካሊፐር (ትንሽ ርዝመት በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ካጠረ አትተኩሱት። በጋለ በርሜል ውስጥ ጎርሶ የቆየ ጥይትም ከሌሎቹ የተለየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ትናንት ድንቅ ነበር፣ ዛሬ ተበላሸ

ምናልባት ምንም አልተበላሸም። በአምስት ጥይት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየው ልክ) 5 ሜትር በሰከንድ ከወጣላችሁ፣ እውነተኛው በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ3 እስከ 14 የትም ሊሆን ይችላል። በ20 ጥይት ግን ከ4 እስከ 7 ገደማ ይጠባል። በአምስት ጥይት «ይሄኛው አሞላል ይበልጣል» የሚል ሰው አያሳምነኝም። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ በተኮሳችሁ ቁጥር መስፋቱ አይቀርም። ሁለት አሞላል ስታወዳድሩ እያፈራረቃችሁ ተኩሱ፤ ብርሃኑም ሙቀቱም ለሁለቱ እኩል ይደርሳል።

ክሮኖግራፉ ራዳር ከሆነስ?

የብርሃን ጣጣ የለበትም። ግን ወደ ኢላማው በትክክል መዞር አለበት፣ የፍጥነት ክልሉም ለሽጉጥ መስተካከል አለበት። ጎናችሁ የሚተኩስ ሰው ካለ የሱን ጥይት እንዳይቆጥርላችሁ ተኩስ ሲሰማ ልኬቱን የሚያስጀምረውን የቀስቃሹን ስሜት ቀንሱ።

ድምፁ ደከም አለ፣ ቁጥሩም ወረደ ወይም ጠፋ

ይህን «ክሮኖግራፉ ሳተው» ብላችሁ አትለፉት። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። አቁሙ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውጡ፣ የጎረሰውን አስወጡ፣ ከዚያ በርሜሉን ከኋላ በኩል እስከ ጫፉ በብርሃን እዩት።