ጥንቸል ይኮላሽ ወይስ ይለያይ? ለአዳማ ጥንቸል አሳዳጊዎች

ዶሮ ሲበዛ ለበዓል ይታረዳል፣ በግ ሲበዛ ይሸጣል። ጥንቸል ሲበዛ ግን መላ የለውም። በኦርቶዶክሱ ቤት ሥጋው አይበላም፤ በሌላውም ቤት ቢሆን ልጆች ስም ያወጡለትን እንስሳ ድስት ውስጥ ለመክተት የሚደፍር ብዙ አይደለም። ሒሳቡ ደግሞ ፈጣን ነው። ሴቷ የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ብቻ ነው። እንደ ላም ድራቷ እስኪመጣ አትጠብቅም፤ እንቁላሏ የሚለቀቀው ወንዱ ሲወጣት ነው። በወለደች በዚያው ቀን ደግማ ልታረግዝ ስለምትችል፣ የፊተኞቹ ግልገሎች ጡት በጣሉ ማግስት የኋለኞቹ ይወለዳሉ። ወንድና ሴት አንድ ግቢ ውስጥ ካሉ እንግዲህ መወሰን ያለበት ይለያዩ ወይስ ይሠሩ (ወንዱ ይኮላሽ፣ ሴቷ ትምከን) የሚለው ነው፤ ከተሠሩም የትኛው፣ መቼና በማን እጅ እንደሚሠራ።

ከሁሉ በፊት ግን ጾታቸውን ያረጋግጡ። «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብሎ የተገዛ ጥንድ በ5ኛው ወር ወልዶ ሲገኝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሻጩ ተንኮል አይደለም፤ ከ8 ሳምንት በታች ያለ ግልገል ለለመደ ዓይንም ያሳስታል። ጥንቸሉን ጭንዎ ላይ በጀርባው ያስተኙት፤ ሌላ ሰው ከትከሻው ደገፍ አድርጎ ይያዝልዎ። ከሽንት ቀዳዳው ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ጫን ያድርጉ። ወንድ ከሆነ ጫፏ ላይ ክብ ቀዳዳ ያላት አጭር ቱቦ ብቅ ትላለች። ሴት ከሆነች ወደ ጅራቷ የሚወርድ ስንጥቅ ይታያል። በ8ኛው ሳምንት ያዩትን በ12ኛው ይድገሙት፤ ያኔ ወንዱ ጠጉር የሌላቸው ሁለት ረዘም ያሉ ከረጢቶች ይኖሩታል። ሲፈራ ወይም ሲበርደው ፍሬዎቹን ወደ ሆዱ ስለሚስባቸው ከረጢቱን ባዶ ስላገኙት ብቻ «ሴት ነው» አይበሉ።

ወንዱ

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወንዱን ያስኮላሹ። ሆድ አይከፈትም፣ ማደንዘዣው አጭር ነው፣ ቶሎም ያገግማል። ጥሩው ዕድሜ ፍሬዎቹ ከወረዱ በኋላ፣ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ሽንቱን ግድግዳና ሰው ላይ መርጨቱ፣ እግር ስር እያጉረመረመ መዞሩ፣ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ መውጣቱ በአብዛኛው ይቀንሳል። ሁለት ወንዶች አብረው ካደጉ ከ3ኛውና ከ4ኛው ወር ጀምሮ ቆለጥ እስከ መበጣጠስ ይጣላሉ፤ ያለ ማኮላሸት አብሮ ማኖር የማይታሰብ ነው። የመብራት ገመድ መቁረጡ ግን አይተውም። እሱ የጥርስ እንጂ የወንድነት ጉዳይ አይደለም።

በሬና ሙክት የለመደ ሰው «እኔ ልቀጥቅጥልህ» ሊል ይችላል። እሺ እንዳይሉት። የጥንቸል ፍሬ ወደ ሆድ የሚወስደው መተላለፊያ ዕድሜውን ሙሉ ክፍት ነው፤ ሲነኩት ፍሬው ያመልጣልና ቡርዲዞውም (የከብት መኮላሻ መቆንጠጫው) ላስቲኩም የሚይዘው ባዶ ቆዳ ወይም ግማሽ ፍሬ ነው። ግማሹ የተረፈ ያስረግዛል፣ ግማሹ የሞተ ይሸታል። በቀዶ ጥገና ሲሠራም ይህ መተላለፊያ ካልታሰረ ወይም ካልተሰፋ አንጀት በቀዳዳው ይወርዳል። ሐኪሙን «ቀዳዳውን እንዴት ነው የምትዘጋው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ከገባው መልሱን ወዲያው ይነግርዎታል።

ሴቷ

እዚህ ላይ ውሳኔው ይከብዳል። ማምከኑን የሚደግፈው ምክንያት የማሕፀን ካንሰር ነው። ያልመከኑ ሴት ጥንቸሎች 4 ዓመት ካለፋቸው በኋላ በአንዳንድ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይያዛሉ፤ ዕጢውም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ የሐሰት እርግዝና አለ፦ ወንድ ሳይነካት ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ የደረቷን ጠጉር እየነጨች ጎጆ ትሠራለች፣ እጅ ሲዘረጋላት ታጉረመርማለች፣ ትናከሳለች። «አንዴ ትውለድና ከዚያ ትምከን» የሚለው ምክር መሠረት የለውም። መውለዷ ከካንሰሩ አያድናትም።

የሚከለክለው ምክንያት ደግሞ ቀዶ ጥገናው ራሱ ነው። ሆዷ ይከፈታል። የጥንቸል ማሕፀን ሁለት ቀንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት አፍም ያለው ነው፤ ዙሪያው በቀላሉ የሚበጠስ ስብ ነው፤ አጠገቡ ያለው ትልቁ አንጀት እንደ እርጥብ ወረቀት ስስ ነው። ድመትና ውሻ ሲያመክን የኖረ ጎበዝ ሐኪም የመጀመሪያዋን ጥንቸል ሲከፍት የሚደናገረው እዚህ ነው። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ጥንቸል የሠራ እጅ ከተገኘ ከ5 እስከ 6 ወር ሲሆናት፣ ቢዘገይ 2 ዓመት ሳይሞላት ያስመክኗት፤ ካልተገኘ ወንዱን አስኮላሽተው እሷን በክትትል ያቆዩ። ከተሠራች ማሕፀኑም ኦቫሪውም (የእንቁላል ማፍሪያው) አብረው መውጣት አለባቸው። ኦቫሪው ብቻ ወጥቶ የታመመ ማሕፀን ሆድ ውስጥ ቢቀር ካንሰሩ ባለበት ይቀጥላል።

ሐኪም መምረጥ

አዳማ ውስጥ ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች አብዛኛው ሥራቸው ከብት፣ ዶሮና ውሻ ነው። ቅርብ ከሚገኙት ትልልቅ ቦታዎች አንዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ነው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። የትም ይሁን የት ጥንቸሉን ይዘው ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ጥንቸል እንደሚሠሩ ይጠይቁ።

ደረጃውን የሚለየው ዋናው ጥያቄ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ ልከልክላት?» የሚል ነው። መልሱ «ከማታ ጀምሮ» ከሆነ አመስግነው ስልኩን ይዝጉ። ውሻ የሚጾመው በማደንዘዣ ውስጥ እንዳያስመልሰው ነው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ ሆዷ ባዶ ከሆነ ግን አንጀቷ ይቆማል። አፏ ውስጥ የቀረ ምግብ እንዳይኖር ከቀዶ ጥገናው በፊት ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ምግቡን ማንሳት ይበቃል።

ቀጥሎ ሚዛን አለ ወይ ይበሉ። ማደንዘዣዎቹ ኬታሚንና ዛይላዚን የሚሰጡት በክብደት ስለሆነ 1.8 ኪሎ የምትመዝነውን «2 ኪሎ ትሆናለች» ብሎ መገመት አደገኛ ነው። በማደንዘዣ ጊዜ ልብ እንዳይዘገይ የሚሰጠው አትሮፒን ብዙ ጥንቸሎች ላይ ቶሎ እንደሚከሽፍ ሐኪሙ ሊያውቅ ይገባል፤ ደማቸው ውስጥ የሚሰባብረው ኢንዛይም አለ። ለሕመሙ ምን ይሰጣል? ሜሎክሲካም ካለ ጥሩ። «ጥንቸል ሕመም አይሰማትም» የሚል ከሆነ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ፤ ሕመም የያዛት ጥንቸል አትጮህም እንጂ መብላት ታቆማለች።

አንድ ነገር በቀይ ብዕር ይጻፉ፦ አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች በአፍ ለጥንቸል አይሰጡም። ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲንም እንዲሁ። ለልጅ ተገዝቶ የቀረው ሽሮፕ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ገድሎ በተቅማጥ ይገድላታል። ለቁንጫ ውሻና ድመት ላይ የሚፈሰው ፊፕሮኒልም መርዟ ነው።

ቀኑን መምረጥና ዝግጅት

የአዳማ ሙቀት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጥንቸል ያለ ቀዶ ጥገናም ትቸገራለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ነው፣ ዝንብም ይቀንሳል። ክረምት ላይ ጭቃውና ዝንቡ ለቁስል አይመችም።

ከቀኑ በፊት የፊት እግሮቿን ከውስጥ በኩል ይዩ። ጠጉሩ ተጣብቆ ደርቆ ከሆነ አፍንጫዋን እየጠረገችበት ነው ማለት ነው፤ ጉንፋን ያለባት ጥንቸል ማደንዘዣ ውስጥ አትገባም። በጠጡም ክብ፣ ደረቅና የሚመጣጠን መሆን አለበት። አዲስ ምግብ በዚያ ሳምንት አይጀምሩ።

በጠዋት፣ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውጡ። ካርቶን በመንገድ ላይ ተበልቶ ይቀደዳል፤ ክዳን ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቅርጫት ይሻላል። ከስሩ ጭድ ያንጥፉ፣ ድርቆሽና የለመደችውን ቅጠል ይያዙ፤ እንደነቃች የምትበላው እሱን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል አይቀመጡ።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት

ብዙ ሰው ዓይኑ ቁስሉ ላይ ነው። ጥንቸል ከቀዶ ጥገና በኋላ የምትሞተው ግን ይበልጥ በቆመ አንጀት ነው።

ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀትን ያወርዳል፤ ውጭው ቢያቃጥልም ከብረት ጠረጴዛ ላይ የተነሳች ጥንቸል ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያኑሩ። ልትርቀው የምትችልበት ቦታም ይኑራት። ከስሯ ንጹሕ ፎጣ ይነጠፍ፤ የጭድ ብናኝ ቁስል ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በጠጥ ይቁጠሩ። ቀልድ አይደለም። ፎጣው ላይ የተገኘውን በየጥቂት ሰዓቱ እየለቀሙ ይመልከቱ። መጀመሪያ ትንንሽና ጥቂት መሆኑ ያለ ነው። 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች ወይም ምንም ካልጣለች ግን «ነገ እናያለን» አይባልም፤ ወዲያው ለሐኪሙ ይደወላል። ጥርሷን እያፋጨች፣ ጎብጣ ጥግ ከያዘች ሕመም ላይ ናት። ከቤት ያለውን ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ግን እንዳይሞክሩ።

ሐኪሙ አንጀቷ እንዳልተዘጋ አይቶ «በሲሪንጅ ይመገብ» ካለ፣ የጥንቸል የፋብሪካ መኖ በለብ ውሃ አርሰው ያላሙ። እሱ ከሌለ ድርቆሽ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ከተፈጨ ሰላጣ ወይም የካሮት ቅጠል ጋር ያቅጥኑ። መጠኑ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ነው። ሲሪንጁ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ በጎን በኩል ይገባል፤ 1 ሚሊ ሰጥተው ማላመጧን ይጠብቁ። በጀርባዋ አስተኝተው ወይም በኃይል ከገፉት ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ፉርሽካና ዳቦ ቶሎ ትበላልናለች ብለው አያቅርቡ፤ ቆሞ የነበረ አንጀት ውስጥ ይቦካል።

ለውሻ የሚታሰረው የአንገት መከለያ ለጥንቸል አይስማማም። ጥንቸል በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የምትጥለውን ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ኩስ ከፊንጢጣዋ በአፏ ተቀብላ መብላት አለባት፤ መከለያው ይከለክላታል። ክሩ ከቆዳ ስር ተቀብሮ እንዲሰፋ አስቀድመው ቢነጋገሩ ይሻላል፤ የሚታይ ክር በጥርሷ ትፈታዋለች። ቁስሉን ጠዋትና ማታ ይዩ። ትንሽ እብጠት ይጠበቃል፤ መግል፣ ሽታ ወይም የተከፈተ ስፌት ግን አይጠበቅም። ዝንብ ካረፈበት በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊፈለፈል ስለሚችል ሳጥኑን በወንፊት ሽቦ ወይም በአጎበር ይሸፍኑ። ሴቷ እስከ 10 ቀን አትዝለል።

ላለማስመከን ከወሰኑ

ይህም ሙሉ ውሳኔ ነው፤ ግን ሥራ አለው። በአንድ ሽቦ ብቻ ተለያይተው የሚኖሩ ወንድና ሴት ይናከሳሉ፣ በሰፊ ቀዳዳም መገናኘት አያቅታቸውም። ሁለት ሽቦ ይሁን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር። ልጆች «አንድ ደቂቃ ይጫወቱ» ብለው እንዳያገናኟቸው ይንገሯቸው፤ ጥንቸል ለመገናኘት ደቂቃም አይፈጅባትም።

ሴቷ 2 ዓመት ካለፋት በየወሩ ጡቶቿን በጣትዎ ይዳስሱ፣ ሽንቷንም ነጭ ጨርቅ ላይ ይዩ። ቀይ ሥር ወይም አንዳንድ ቅጠል ከበላች ሽንቷ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ሊወጣ ይችላል፤ አያስደነግጥም። ሽንቱ መልኩን ሳይለውጥ መጨረሻው ላይ የደም ጠብታ ወይም የረጋ ደም ካለበት ማሕፀኗ መመርመር አለበት።

የተኮላሸውን ወንድ መልሶ ማገናኘት

ከተኮላሸ በኋላም በቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ እስከ 6 ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል። የተሠራበትን ቀን የግድግዳ ካሌንደር ላይ ይጻፉና 42 ቀን ይቁጠሩ። ከዚያ በፊት ሴቷ ጋ የሚገባ ወንድ ያልተኮላሸ ያህል ነው። ቀኑ ሲሞላ የሚገናኙት ሁለቱም ኖረውበት በማያውቁት ቦታ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ይመቻል። የሴቷ ሳጥን ውስጥ ወንዱን መክተት ጠብ ነው። ድርቆሽ መሐል ላይ በትኑ፣ የመጀመሪያ ቀን ከ15 ደቂቃ አይበልጥ። ማባረርና መውጣት ያለ ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተጣብቆ፣ ተያይዘው መንከባለል ከጀመሩ ፎጣ ጥለው ይለያዩ፤ ባዶ እጅ ከገባ የሚነከሰው እጅዎ ነው።