የቲዩብ አምፕ ችግሮች፣ መፍትሄያቸው፣ እና ለሠሪዎቹ ያለን አቤቱታ

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ አንድ በእጅ የተሠራ የጊታር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን) ይዞልኝ መጣ። 18 ኪሎ። ከሁለት ሻንጣው አንዱን የበላው እሱ ብቻውን ነው። አክስቴ «የእኔስ ዕቃ የታለ?» ስትለው ወደ አምፑ ዞሮ ዝም አለ።

እኔ ደግሞ በደስታ ብዛት ከጀርባው የተጻፈውን ሳላነብ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ከውስጥ «ጠቅ» የሚል ነገር ተሰማ። ከዚያ ፀጥ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም አምፕ ሳስጠግን ከርሜያለሁ። ጊታሪስቶች ተሰብስበው «የወደፊቱ ቡቲክ አምፕ ምን ቢኖረው ጥሩ ነው?» ሲባባሉ ሁሉም የሚያወራው ስለ ቃና ነው። (ቡቲክ ያልኩት ልብስ መሸጫውን አይደለም። በትንሽ ወርክሾፕ፣ በጥቂት ቁጥር፣ በእጅ የሚሠራውን ነው።) ቃናውማ ድሮም ጥሩ ነው። እኔ ከሚቀጥለው አምፕ የምፈልገውን ያወቅኩት ከብልሽቶቹ ነው። ስለዚህ ችግሩንና መፍትሄውን እየነገርኳችሁ፣ በየመሃሉ ለሠሪው አቤቱታ አስገባለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ቲዩብ አምፕ (ድምፁን እንደ አምፖል በሚግሉ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚያጎላው) ውስጥ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ከሶኬት ከነቀላችሁት በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ይዘውት ይቆያሉ። እዚህ የምነግራችሁ አብዛኛው ሻሲውን (ሽቦዎቹ ያሉበትን የብረት ሳጥን) ሳትከፍቱ የሚሞከር ነው። «ቴክኒሻን» ያልኩበት ቦታ ላይ ግን የምሬን ነው።

ሰካሁት፣ ጠቅ አለ፣ ሞተ

ምክንያቱ፦ ለአሜሪካ የተሠራ አምፕ 120 ቮልት ነው የሚፈልገው። የእኛ 220 ነው። ያ ሲገባበት ውስጥ ያለው ቮልት ሁሉ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የቲዩቡን ክር የሚያግለው 6.3 ቮልት ወደ 11.5 ይወጣል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠላል። ካልሆናችሁ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ከአምፑ ውድ ክፍሎች አንዱ ነው።

መፍትሄው፦ ፊውዙን ጀርባው ላይ በተጻፈው መጠንና ዓይነት ቀይሩ። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ እንዳትከቱበት። ድጋሚ ሲቃጠል ቤታችሁን ይዞ ነው የሚሄደው። ከዚያ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። ከበድ ያለውን፣ ብረት ያለበትን። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላሉ ኮንቨርተር ለዚህ አይሆንም። አምፑ «22 ዋት» ሲል ወደ ስፒከሩ የሚያወጣውን ነው። ከግድግዳ የሚስበው የዚያን ብዙ እጥፍ ስለሆነ ትራንስፎርመሩን ሰፋ አድርጋችሁ ምረጡ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይቀይርም። አሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፣ እኛ 50። ለ60 ብቻ ተብሎ በቁጥብነት የተሠራ አምፕ እዚህ ሲመጣ ትንሽ ይሞቃል። የመጀመሪያ ቀን ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ የትራንስፎርመሩን ሽፋን ከውጭ በእጃችሁ ዳብሱት። እጅ ካላስቀመጠ ቴክኒሻን ይየው።

ለሠሪው፦ ከጀርባው የቮልት መምረጫ አድርግበት። ጊታሪስት ይዞራል፤ አምፑም አብሮት ይዞራል።

ያጉረመርማል

የጊታሩን ድምፅ ዜሮ አድርጉ። ጠፋ? እንግዲያው አምፑን አትውቀሱት። ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ በአንድ ጥቅል ሽቦ የሚቀበለው) ያለው ጊታር ፍሎረሰንት አምፖልና የስልክ ቻርጀር አጠገብ ሲቀመጥ እንደ አንቴና ይስባል። ወንበራችሁን ትንሽ አዙሩት፣ ይቀንሳል።

አልጠፋም? የአምፑንም ማዞሪያዎች ሁሉ ዜሮ አድርጉ። አሁንም ካለ ነገሩ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የምወዳት ዘዴ አለችኝ። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱት። ይህ ጂ ነው፣ 98 ሄርዝ። ጉርምርምታው ከዚህ ድምፅ ጋር ከገጠመ 100 ሄርዝ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ተጠያቂዎቹ ያረጁ የፊልተር ካፓሲተሮች ናቸው፤ ወይም ሁለቱ የፓወር ቲዩቦች (ስፒከሩን የሚገፉት ትልልቆቹ) አቅማቸው ተለያይቷል። ጉርምርምታው ከዚያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለ 50 ሄርዝ ነው፤ ግራውንዱን ወይም የአንዱን ቲዩብ ማሞቂያ ጠርጥሩ። አሜሪካ ሆናችሁ ለምታነቡ የእናንተው 120 ሄርዝ ስለሆነ ቢ ይጠጋል፤ ከላይ ሁለተኛው ክር፣ ሁለተኛ ፍሬት።

መፍትሄው፦ ካፓሲተር ለውጥ የቴክኒሻን ሥራ ነው። 20 ዓመት ያለፈው አምፕ ባያጉረመርምም ቢታይ አይጎዳም። ቲዩብ ግን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ።

ስለ ግራውንድ ትንሽ ልቆጣ። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ መሰኪያው ሦስት እግር አለው። እኛ ሁለት እግር ያላትን ትንሽ አዳፕተር ሰክተንበት እንገላገላለን። ሦስተኛዋ እግር እዚያው ቀረች። አንድ የማውቀው ልጅ ጭራሽ «ቆርጬ ዝም አሰኘኋት» ብሎ ነግሮኛል፣ እየሳቀ። ያቺ እግር ነፍስ ማዳኛ ናት። ጊታሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ የሚመታችሁ እሷ ስትጠፋ ነው። ከመድረኩ ሥራ በፊት የግድግዳው ሶኬት እውነተኛ ኧርዝ (ግራውንድ) እንዳለው በኤሌክትሪሺያን አስለኩ።

የቲዩቡ ሆድ እንደ ፍም ቀላ

መሃሉ ላይ የምታዩት ብርቱካንማ ብርሃን ጤነኛ ነው። ሰማያዊ ጭላንጭልም አያስፈራም። ግራጫው ብረት ራሱ ሲቀላ ግን ወዲያው አጥፉ። ስታንድባይ የተባለውን ማቆያ ሳይሆን ዋናውን ማጥፊያ።

ምክንያቱ፦ ቲዩቡ ውስጥ ከመጠን በላይ ከረንት እያለፈ ነው። ወይ ባያሱ (ሳይጫወቱበት በቲዩቡ የሚያልፈው ከረንት ልክ) ተበላሽቷል፣ ወይ አንድ ካፓሲተር ያፈሳል፣ ወይ ቲዩቡ ራሱ ሞቷል።

መፍትሄው፦ እስኪበርድ ጠብቁና ሁለቱን ፓወር ቲዩቦች ቦታ አቀያይሩ። አብሩና ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ተመልከቱ። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው፤ ጥንዱን አንድ ላይ ቀይሩ። እዚያው የቲዩብ ሶኬት ላይ ከቀረ አጥፍታችሁ ወደ ቴክኒሻን። አዲስ ጥንድ ሲገባ ባያሱ መስተካከል አለበት። ኢኤል34 የተባለው ፓወር ቲዩብ አቅሙ 25 ዋት ነው፣ 6ኤል6ጂሲ የተባለው 30። ምንም ሳይጫወቱበት ከዚያ 60 እስከ 70 በመቶ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው።

ለሠሪው፦ የባያስ መለኪያ ቀዳዳ ከጀርባ አውጣልን። ሁለት የመልቲሜትር ጫፍ ማስገቢያና አንድ የስክሩድራይቨር ቀዳዳ። አንዳንዶች ያደርጉታል፣ ሌሎቹ ለምን እንደማያደርጉት አይገባኝም።

ይንጫጫል፣ ይንኳኳል፣ ይደክማል

ሲጮህ ወይም እንደ ደወል ሲያስተጋባ እርሳስ አንሱ። የእንጨቷን። አምፑን አብርታችሁ ድምፁን መካከለኛ አድርጉና ትናንሾቹን ቲዩቦች አንድ በአንድ በላጲሱ በኩል ነካ ነካ አድርጉ። ሁሉም ትንሽ «ጥክ» ይላሉ። አንዱ ግን «ጥንንን» ብሎ ይመልሳል። እሱ ነው። የእኔ የመጀመሪያው፣ ከጊታር መሰኪያው ቀጥሎ ያለው ነበር። ብዙ ጊዜም እሱ ነው፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሱን ድምፅ ያጎላልና። 12ኤኤክስ7 እና ኢሲሲ83 የሚባሉት ትናንሽ ቲዩቦች አንድ ናቸው፤ ሻጩ ለይቶ ዋጋ ቢነግራችሁ አትደናገሩ።

ማዞሪያ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ይበቃዋል።

ድምፁ ድንገት ሲደክምና ሲጠፋ ደግሞ ከጀርባ ያለውን የኢፌክት ሉፕ (የኢፌክት ፔዳል የሚገናኝበትን መላኪያና መመለሻ ቀዳዳ) ፈትሹ። መላኪያውንና መመለሻውን በአጭር የጊታር ገመድ አገናኙ። ድምፁ ከተመለሰ መሰኪያው ቆሽሿል። በዚህች ዘዴ ስንት ሰው «ሞቷል» ያለውን አምፕ አስነስቻለሁ።

ጥሩው ድምፅ የሚመጣው ከጎረቤት ጋር ነው

ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ ብልሽት ግን አይደለም።

ምክንያቱ፦ የምንወደው ሞቅ ያለ ስንጥቅጥቅ ድምፅ የሚወለደው ፓወር ቲዩቦቹ ሲገፉ ነው። 22 ዋት ያለውን አምፕ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እዚያ ድረስ ብትገፉት በሩ ይንኳኳል። «5 ዋት ልግዛ» ትሉ ይሆናል። ጆሮ ግን በዋት አይቆጥርም። ድምፁ በግማሽ የቀነሰ እንዲመስላችሁ ዋቱ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። ከ22 ወደ 2.2 ማለት ነው። 5 ዋቱም በሩን ያስንኳኳል።

መፍትሄው፦ በአምፑና በስፒከሩ መሃል የሚገባ፣ ድምፁን የሚቀንስ አቴንዌተር አለ። ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መጠኑ) ከአምፑ ጋር ይግጠም፤ የሚሸከመውም ዋት ከአምፑ ይብለጥ። ሎድ ቦክስ ከሆነ ስፒከሩን ጭራሽ ተክቶ ወደ ሄድፎን ወይም ሚክሰር ይልክላችኋል። ስፒከር ነቅሎ ባዶውን ማብራት ግን የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ይገድለዋል። «ለአንድ ደቂቃ ነው» የሚለውን ሰው አትስሙት። ርካሹ መላ ደግሞ ስፒከሩ ላይ ነው። ከአንድ ዋት 100 ዲሲቤል የሚያወጣውን 97 በሚያወጣ ብትቀይሩት ዋቱን በግማሽ እንደቀነሳችሁ ነው።

ለሠሪው፦ ሌላውን ሁሉ ብትተው ይህን አትተው። አምፑ ከ20 ዋት ወደ ግማሽ ዋት ይውረድልን፣ ሎዱ ውስጡ ይሁን፣ ወደ ሚክሰር የሚወጣ መስመር ይኑረው። ሠርግ ላይ ብትሄድ፣ ቤተክርስቲያን ብትሄድ፣ ክለብ ብትሄድ ሳውንድ ማኑ የሚጠይቅህ «መስመርህን ስጠኝ» ነው። ማይክ አያቆምልህም።

ቲዩቡ የለም፣ ሰርኪዩቱም አይታወቅም

ዛሬ የጊታር አምፕ ቲዩብ በብዛት የሚወጣባቸው ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የታወቁት በሩሲያ ሳራቶቭ፣ በስሎቫኪያ ቻድሳ እና በቻይና ያሉት ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የሩሲያው ሲስተጓጎል ዋጋው ዓለም ላይ ሁሉ ዘለለ። መላው አንድ ጥንድ ትርፍ መያዝ ነው። ሠሪውም ከአንድ በላይ ፋብሪካ በሚያመርተው ቲዩብ ይሥራ። 6ቪ6 የተባለው ቲዩብ ይበቃናል፤ ብርቅዬ ቲዩብ ለሙዚየም ነው።

ሰርኪዩቱን (ክፍሎቹ በሽቦ የሚያያዙበትን ንድፍ) መደበቅ ደግሞ የባሰ ነው። አሜሪካዊው አምፕ ሠሪ አሌክሳንደር ዳምብል በ2022 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ አምፖቹ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጡ ነበር። ሰውየው ማንም እንዳይቀዳው ሰርኪዩቱ ላይ ኢፖክሲ (ደርቆ የሚጠነክር ሙጫ) ያፈስ ነበር። አልፈርድበትም፣ ግን ያንን የሚጠግን ሰው ይታያችሁ። የአሜሪካው አምፕ ሠሪ ፌንደር በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. የየትኛው ቲዩብ ቦታ የት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፍ ነበር። እንግሊዛዊው አምፕ ሠሪ ማርሻል በ1962 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የመጀመሪያ አምፑን ሲሠራ ቤዝማን የተባለውን የፌንደር አምፕ ሰርኪዩት ነው የተከተለው። ፌንደርም በዚህ አልከሰረም።

የእኔ አምፕ ወረቀትም ኢፖክሲም አልነበረውም። የሚጠግንልኝ ሰውዬ፣ ድሮ ራዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አባት፣ ሁለት ከሰዓት ቁጭ ብለው ሽቦ በሽቦ እየተከተሉ በደረሰኝ ጀርባ ሣሉት። ፊውዙ የት፣ ባያሱ የት፣ የትኛው ካፓሲተር ስንት። ፕላስተር አድርገን ሳጥኑ ውስጥ ለጠፍነው። ከታች ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «120 ቮልት! አንብብ!» ብለው ጽፈውበታል።