ክፉ ተናግረው ቃልዎን ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ እርቁን የሚያከብደው ከስድቡ ይልቅ ስድቡን ለማስተባበል የተባለው ነው።

ሰሙን ይዞ መሸሽ። የቅኔ አገር ሰው በመሆናችን ይህ የእኛው በሽታ ነው። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ደጃፍ ያልደረሰውም ሳይቀር ሁለት ፊት ያለው ነገር መወርወር ይችልበታል። ማኅበር ላይ አንዱ ጠላ የምታዞረዋን ሴት፣ «እታለም፣ አገሬው ሁሉ ጠላሽ ጠላሽ ይላል» ይላታል። ቤቱ ይስቃል። እሷ ፊቷ ሲለዋወጥ ደግሞ፣ «ኧረ እኔ ጠላውን ነው ያመሰገንሁ!» ብሎ ይምላል። ወርቁን ያልሰማ የለም። ሰሙን እያሳዩ መማል «አንቺ አልገባሽም» ማለት ስለሆነ ሁለተኛ ስድብ ነው። «ክፉ ተናገርሁ» ብሎ ወርቁን ማመን ይሻላል።

በአደባባይ ተናግሮ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅም አይሠራም። ማኅበርተኛው ሁሉ የሰማውን ማታ በሯ ላይ በሹክሹክታ ቢያነሱት፣ ስድቡን የሰሙት ይቅርታውን አልሰሙም። የሽማግሌ ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው፤ በዳዩ ጥፋቱን ሰው ፊት ያምናል፣ ነገሩ ከከበደም ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባባላሉ።

«አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ» አይበሉ። አስቀይመዋል፤ «ከሆነ» ይውጣ።

መልእክት አጥፍቶ ዝም ማለት። ቴሌግራም የላኩትን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ያስችላል፤ ዋትስአፕ መልእክት እንደተሰረዘ የሚናገር ምልክት ይተዋል። በሁለቱም ቢሆን ስልኳ ጮኾ ከላይ ብቅ ሲል ያነበበችው ተነቧል። አጥፉት፣ ግን ወዲያው ይደውሉ።

ከአፍዎ ያልወጣውን ሁሉ ሄዶ መዘርገፍ። ይህ የቅን ሰዎች ስህተት ስለሆነ ማንም አይቆጣበትም፤ እኔ ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል። «በልቤ እንዲህ ብዬሽ ነበር» ሲሏት እርስዎ ይቀልዎታል፣ እሷ ግን ያልነበራትን ቁስል ተሸክማ ትቀራለች። እንዲህ ያለውን ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ ለእሷ ሆድ ይፍጀው።

«ለፋሲካ እንታረቃለን» ብሎ ማሳደር። በሰሙነ ሕማማት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሳሳም የለም፤ እርቅ ደግሞ ሲያልቅ መሳሳም ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ከሆሳዕና በፊት ይላኩ፤ ቢቻል በሰንበት፣ ሁሉም ከእርሻው አርፎ ቤቱ በሚገኝበት ቀን።