ስጋ የማይበላ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ ምን ይዘዝ?

ስጋ ለማይበላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ውጪ መብላት ከባድ አይደለም፣ ቀኑን እና ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ካወቀ ማለቴ ነው። ሜኑ ላይ ቬጀቴሪያን ሚል ነገር ስትፈልጉ አትድከሙ፣ በቃ አስተናጋጇን "እህቴ የጾም ምን አላችሁ?" በሏት። ስጋም ቅቤም ወተትም እንቁላልም የሌለበት እንደሆነ ወዲያው ይገባታል፣ ስጋ አልበላም ብቻ ካላችኋት ግን በቅቤ የተሰራ ጎመን ይዛላችሁ ልትመጣ ትችላለች። ቅቤና እንቁላል ለምትበሉ እሱም ችግር የለውም፣ ጎመን በአይቡም እንቁላል ፍርፍሩም አለላችሁ፣ እኔ ግን በዋናነት ማወራው ጭራሽ ለማትበሉት ነው።

እሮብ እና አርብ፣ 55ቱን ቀን የሁዳዴ ጾም፣ ከህዳር 15 እስከ ገና ያለውን የነቢያት ጾም፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፍልሰታን ምንም አታስቡ፣ ብዙ ቤት በያይነቱ ትኩስ ትኩሱን ያወጣል፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ስር፣ ከተገኘም አዚፋ እና ሱፍ ፍትፍት፣ አንዳንድ ሆቴሎችም የጾም ቡፌ አላቸው። ሚከብደው ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ናቸው። እሮብ እና አርብ እንኳን ስለማይጾም ብዙ ቤት የጾም ወጥ መስራቱን ይተዋል፣ በያይነቱ አለ ወይ ስትሉ "አይ አሁን እኮ ፍስክ ነው" ይሏችኋል።

እንደዚህ አይነት ሰሞን እኔ ምመክራችሁ ድስት ውስጥ ያደረውን ወይም ጠዋት የተሰራውን ትታችሁ ስታዙ የሚሰራውን እዘዙ። ጠዋት በቅቤ የተሰራ ምስር ወጥን ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም፣ ተጋቢኖ ሽሮ ግን እዛው ለናንተ በድስቷ ስለሚሰራ "በዘይት ይሁንልኝ፣ ቅቤ ከላይም እንዳይደረግ" ካላችሁ አለቀ። ቲማቲም ፍትፍት፣ ድንች ጥብስ፣ ሰላጣ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ፒዛም ያለ ቺዝ በአትክልት ብቻ፣ እነዚህ ሁሉ በትእዛዝ የሚሰሩ ስለሆኑ ሼፉ ማስተካከል ይችላል። ለቁርስ ደግሞ ፉል በዘይት ያለ እንቁላል፣ ጨጨብሳም ቂንጬም በዘይት ይሰራል፣ ብቻ ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ፣ ከመጣ በኋላ ብትመልሱት ለነሱም ለናንተም ደስ አይልም።

አሁን ስማቸው ሚያታልል ነገሮች አሉ፣ እነሱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቦዘና ሽሮ ስጋ አለበት። ማህበራዊ ስትሉ የስጋ ወጡም አብሮ ነው ሚመጣው። ፍርፍር ብቻ ካላችሁ ቋንጣ ሊሆን ስለሚችል የጾም ፍርፍር በሉ። ስጎ ብዙ ቦታ የተፈጨ ስጋ አለው፣ የአትክልት ሾርባም አትክልቱ በስጋ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል፣ ሩዝም እንደዛው፣ በተለይ የሱማሌ ምግብ ቤት ስትገቡ ሩዙ በምን እንደተቀቀለ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ሳምቡሳ የምስርም የስጋም አለ። እና ትልቁ ነገር አሳ! አሳ በጾም የሚበላ ሰው ብዙ ስለሆነ ሜኑው ላይ የጾም ከሚለው ስር አሳ ጉላሽ አሳ ጥብስ ምናምን ታገኛላችሁ፣ ስፔሻል በያይነቱ ሚሉትም አንዳንዴ አሳ ይጨመርበታል፣ ስለዚህ "አሳም አልበላም" ብላችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው። አትፈሩ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሰው ለሚበላው ነገር መጠየቅ መብቱ ነው፣ አስተናጋጆቹም ሲጠየቁ ማድ ቤት ገብተው አጣርተው ሚመጡ ብዙ ናቸው።

ከሰው ጋር ስትወጡ ደግሞ ቦታውን እናንተ ምረጡ። ጥሬ ስጋና ጥብስ ብቻ ሚሸጥበት ቤት ገብቶ እንጀራ በሚጥሚጣ መብላት ያሳዝናል፣ ጓደኞቻችሁም ይጨነቃሉ፣ ሁለቱም ያለበት ቤት ሞልቷል፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ "በያይነቱ ዛሬ አለ?" በሉ፣ ከተቻለም ምሳ ሰአት ሂዱ ምክንያቱም ማታ ብዙ ጊዜ ያልቃል ወይም ሁለት ሶስት አይነት ብቻ ነው ሚቀረው።

ውጪ ሀገር ላላችሁ ነገሩ ይቀላል፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ቬጂ ኮምቦ አመቱን ሙሉ አላቸው፣ ቢሆንም ሽሮው በዘይት መሆኑን እዛም ጠይቁ። የህንድ ምግብ ቤትም ለኛ ሰው ይመቻል፣ ምስሩም ሽምብራውም አለ፣ ቅቤ ለማትበሉ ግን እነሱም ጊ ሚሉት የተነጠረ ቅቤ ስላላቸው በዘይት እንዲሰሩላችሁ ንገሯቸው።

ክፍለ ሀገር መንገድ ላይ ሆናችሁ ምንም ካጣችሁ ጁስ ቤት ፈልጉ፣ ትንንሽ ከተሞች ውስጥም አይጠፋም። አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ቆርጠው ከትኩስ ዳቦ ጋር ይሰጧችኋል፣ አንድ ስፕሪስ ካከላችሁበት እስከ ማታ ያደርሳችኋል፣ ጁሱ ላይ ወተት እንዳይጨምሩበት ብቻ ንገሯቸው።